የጥርስ ሐኪሙ ሞተር

ኅዳር 6

ለውዷ ባለቤቴ፣

አንቺም ሚጡም ደህና መሆናችሁን ደብዳቤሽ ስለነገረኝ ዛሬ ልቤ አርፏል። እኔም ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ ሲያሻው ያመኛል፣ ሲያሻው ይተወኛል።

አዎ፣ የመግቢያ ፈቃዱ ደርሶኛል። ማኅተሙን ደጋግሜ አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ወረቀት እንዲህ ስስ መሆኑ ገረመኝ። እስከ መጋቢት 30 ካልገባሁ ፈቃዱ እንደሚቃጠልና ነገሩን ሁሉ እንደ አዲስ እንደምንጀምርም አንብቤአለሁ። በቀይ ማስመርሽ አስፈላጊ አልነበረም፤ ዓይን አለኝ።

ጋራዡን እየዘጋሁ ነው። ኮምፕረሰሩን ጎሚስታው ወሰደው። የመበየጃ ማሽኑም ሄዷል፤ መፍቻዎቼን ለሁለት ልጆች አካፈልኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ሞተር።

ስለሱ በቅጡ አልነገርኩሽም። ያቺን ከመሬት ስንዝር የማትርቅ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ታስታውሻለሽ፤ ስትቆም ሰፈሩ ሁሉ የሚከባት። ሐኪሙ ከአጎቱ የወረሳት ናት። መስከረም ላይ መንገድ ላይ ሞተሯ ተሰበረ። ፒስቶኑን የሚገፋው ብረት፣ ቢየላ የምንለው፣ ለሁለት ተቆርጦ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ቀዳዳው ጡጫዬን ያስገባል። ሰውየው የመኪናዋን አካል ሸጠው፤ ሞተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር እጄ የገባው አንዴ ነው፣ እሱም ሞቶ።

እና ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ ለሞተሩ ገዢ ወይም የሚጠቀምበት ሰው ሳላገኝለት ከዚህ ከተማ ንቅንቅ እንዳልል አስፈርሞኛል። ፈርሜአለሁ፣ ምን ላድርግ። ስለዚህ ገዢ እየፈለግሁ ነው።

ለምን ስልክ ላይ አትመጣም ላልሽው፣ የምትደውይበት፣ ከጋራዡ ማዶ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስልክ መስመሩ ተበላሽቷል። ይንኮሻኮሻል እንጂ ሰው አያሰማም። ደብዳቤ ይሻላል፤ በደብዳቤ ደግሞ አትቆጪኝም።

ባልሽ


ኅዳር 22

ለዶክተሬ፣

በደብዳቤ አትቆጣም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ይኸው እየተቆጣሁ እጽፋለሁ፤ ሚጡ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ «ይሄን ሰርዢው፣ ይሄንን ተይለት» ትለኛለች። ልጅህ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዳኛ ሆናብኛለች። ሁለታችንም ደህና ነን፣ ጣቶቼ በመርፌ ከመበሳሳታቸው በቀር። የአውቶቡስ ወንበር ልብስ መስፋት ቀሚስ መስፋት እንዳይመስልህ፤ ጨርቁ ድንጋይ ነው።

ባለፉት ደብዳቤዎችህ ክፍሉ ይበቃናል ወይ ላልከው፣ ይበቃናል፤ ግን ልብህን አዘጋጅተህ ና። አንድ ክፍል ነው። መስኮቱን ስትከፍተው የሚታይህ የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ፀሐይ መውጣቷን የማውቀው ግድግዳው ከግራጫ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ነው። አልጋውን በመጋረጃ ከፍለነዋል። አንዳንድ ቀን ከሥራ ገብቼ በሩን ስዘጋ ሣጥን ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ መተንፈሱን ለመድኩት ብልህ ውሸት ነው፤ አልለመድኩትም። አንተ ስትመጣ ግን ሣጥኑም ቤት ይሆናል።

ስለ ሥራው ሁለት ጊዜ ጠየቅከኝ። የአውቶቡስ ጋራዡ አለቃ እየጠበቀህ ነው። ፈቃዱም የወጣው እሱ በጻፈው ደብዳቤ ነው። ስላንተ ነግሬዋለሁ። ካቻቢቴህን ሞተር ላይ ተክለህ እጀታውን ጆሮህ ላይ ስታስደግፍ፣ ገና ምንም ሳይፈታ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ እንደምትናገር፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር የሚልህም ለዚህ እንደሆነ ነገርኩት። «እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ጆሮ ነው» አለኝ። የመጣህ ቀን አምስት አውቶቡስ ደርድሮ ያስነሳልሃል፤ የታመመውን አንተ ትለያለህ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያይሃል። እኔም ከስፌት ክፍሉ በር ላይ ሆኜ አይሃለሁ።

ስለዚህ ያንን ሬሳ ለፈለገው ስጥና ና። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ይሁን መቶ ሃያ፣ የተቀደደ ነገር የተቀደደ ነው። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው ደንበኛ አንተን አስፈርሞ የሚያስቀምጥህ?

ሚስትህ


ታኅሣሥ 9

ለውዷ ባለቤቴ፣

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። ስለ አምስቱ አውቶቡሶች ያልሽውን አንብቤ ደስ ብሎኛል። አለቃሽን አመስግኝልኝ። አውቶቡሶቹ የሚነሱት አንድ ላይ ነው ወይስ አንድ በአንድ? ሜዳ ላይ ነው ወይስ ጣሪያ ሥር? ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል ነው።

አዎ፣ ገዢ መጥቶ ነበር፤ አንድም አይደለም፣ ሁለት። መጀመሪያ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው መጣ። ሞተሩን በመዶሻ መታ መታ አደረገውና «ጥሩ አሉሚኒየም ነው፣ እወስደዋለሁ» አለኝ። ምን ልታደርገው ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ይቀልጣል፣ ድስት ይሆናል» አለ። ተመልከቺ እንግዲህ፤ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር ሞተር ሽሮ ሊፈላበት። ይቅርብኝ አልኩት።

ቀጥሎ አንድ ጀልባ ያለው ሰው መጣ። ጀልባው ላይ ሊገጥመው ፈልጎ ነው። ቀዳዳው ውስጥ እጁን ከትቶ «ይደፈናል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዘንድሮ አፉ ውስጥ ማውራት ጀምሯል፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «መደፈኑንስ ይደፈናል፣ ግን ውሃው መሀል ላይ ቢከዳህ የሚጎትትህ ማን አለ?» አልኩት። ሄደ። እውነቱን ነው የነገርኩት፤ ሰው ላሰምጥ ነው?

እኔ አሁን የማድረው ጋራዡ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቤቱን አስረክቤአለሁ። ሞተሩ በሩ ሥር ተደንቅሯል። በሩ የሚከፈተው ግማሽ ብቻ ስለሆነ በጎኔ ነው የምገባውና የምወጣው። ሆዴ ስለቀነሰ አልተቸገርኩም። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይበትም። ባዶ ጋራዥ እንዴት እንደሚሰፋ አታውቂም፤ አንድ ነገር ብቻ ሲቀርበት ደግሞ እንዴት እንደሚጠብ።

ሚጡን ሳሚልኝ።

ባልሽ


ታኅሣሥ 29

ለውዷ ባለቤቴ፣

የቁጣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስድቡ ይገባኛል፤ «ቀልበ ቢስ» የምትለዋን ግን ሚጡ ናት የጨመረቻት መሰለኝ፣ የእጅ ጽሑፉ የሷ ነው።

ሞተር የማወርድበትን ማንሻ ለምን ቀድሜ ሸጥኩ? ጠያቂ አገኘና ሸጥኩት። ሞተሩን ሳላወጣ ማንሻውን መሸጤ ሞኝነት ነው፤ እኔም ያሰብኩት ማንሻው መኪና ላይ ተጭኖ መንገዱን ሲታጠፍ ነው። አሁን ይሄን ነገር ከዚህ የሚያነሳው ስምንት ሰው ነው። ስምንት ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሥራ የሚፈታበት ቀን የለም።

ከሰው ሰምተሽ ስለ ሦስተኛው ገዢ ላልሽው፣ አዎ፣ ምግብ ቤት ሊከፍት ያለ ሰው ነው። ሞተሩን ወለሉ መሀል ላይ አስቀምጦ፣ መስታወት ከላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛ ሊያደርገው ነበር። አሳቡ አልከፋኝም። ተስማማን፣ እጅ ተጨባበጥን። በማግስቱ ለናሙና ቀለም የተቀባ እንጨት ይዞ መጣ፤ ለካ ወርቅማ ሊቀባው ነው። ሬሳ ይኳላል እንዴ? ተጨቃጨቅን። ምን እንዳለኝ በደንብ አልያዝኩትም፤ ብቻ ደግ ነገር አልነበረም፤ ፊቱን አይቻለሁ።

ያለ ወራቱ የመጣው ዝናብ ጨዋ ነው። ቆርቆሮው ላይ እንኳ ኮሽ ሳይል ይወርዳል፤ ጠዋት ስወጣ ነው ግቢው ጭቃ ሆኖ የማየው። ጊዜ አለን፣ አትጨነቂ። ሦስት ወር ሙሉ አለ።

ባልሽ


ጥር 13

ለዶክተሬ፣

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ ብልህ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ። እኔ ደህና አይደለሁም። ሚጡ ግድግዳው ላይ የቀሩንን ቀኖች መስመር በእርሳስ እያሰመረች ነው፤ በየቀኑ አንድ ትሰርዛለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ያንን ነው። ተይው ብላት አልሰማ አለችኝ። በቀደም «አባዬ እኛ ጋ መምጣት ባይፈልግስ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት ነው?

ጨዋው ዝናብህ ሰፈሩን አጥለቅልቆት እንደነበር የጽሕፈት መሣሪያ መደብሯ ሴትዮ ነገረችኝ። ጣሪያ የነቀለ ዝናብ ኮሽ አላለም ትለኛለህ። አዎ፣ ደወልኩላት። ስልኳ ደህና ነው፤ እንደ ደወል ነው የሚያስተጋባው። አስጠርቼህ ነበር። መንገዱን ተሻግራ ከኋላህ ሁለት ጊዜ ጠራችህ አሉ፤ ዝም ብለሃት ሄድክ። ሰላምታ ነፈገኝ ብላ አኩርፋለች። አንተ በመንገድ ላይ ዶሮ ሳይቀር ሰላም የምትል ሰው ምን ነካህ?

ተቀምጬ አሰብኩ። ብረት ነጋዴው ሊያቀልጠው ነው አልክ፤ ጀልባው ይሰምጣል አልክ፤ ምግብ ቤቱ ይቀባዋል አልክ። ሞተሩ አይደለም ገዢ ያጣው፤ አንተ ነህ የምታባርረው። አርባ ዓመት ሞተር ያወረደና የሰቀለ ሰው ማንሻውን ቀድሞ አይሸጥም። ልጅ እንኳ አያደርገውም።

ምን ሆነሃል? ብትነግረኝ ምን ይመጣል?

ሚስትህ


ጥር 30

ለውዷ ባለቤቴ፣

ምንም አልሆንኩም። ሰው አንድ ቀን ሐሳብ ይዞት ሰላምታ ቢያልፈው ይሄን ያህል ወሬ ነው? ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ የምትለኝን ሳልይዝላት ወጣሁ።

ስለ ሙያ ትምህርት ቤቱ የሰማሽው እውነት ነው፤ አንቺ ዘንድ የማይደርስ ወሬ የለም። አንዲት የአውቶ መካኒክ መምህርት መጥታ ነበር። ሞተሩን ተማሪዎቿ እንዲያዩት ትፈልጋለች። ሙሉውን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ሆድ ዕቃው እንዲታይ አድርገው ሊያቆሙት ነው። እምቢ አልኩ። የሞተው አንዴ ይበቃዋል፤ ሁለተኛ በመጋዝ ምን ያደርጉታል? ለሴትየዋ ይሄን ብዬ አልነገርኳትም። ሐኪሙ አይፈቅድም አልኳት።

አንቺ ደግሞ ጥያቄዬን ዘለልሽው። አውቶቡሶቹ አንድ ላይ ነው የሚነሱት ወይስ አንድ በአንድ? አንድ በአንድ ከሆነ እጄን ማሳረፍ ይፈቀድልኛል? በመዳፍም ብዙ ነገር ይታወቃል።

ሚጡ መስመሩን ትተው በያት። እመጣለሁ በያት።

ባልሽ


የካቲት 15

ለባለቤቴ፣

ዶክተር አልልህም ዛሬ።

ለጥርስ ሐኪሙ ጻፍኩለት። መልሱ ትናንት ደረሰኝ። አስፈርሜው አላውቅም ይላል። ሞተሩን ፈልጎ ሳይሆን አልፈልገውም ብሎ እንደተወልህ፣ ብትሸጠው ብትጥለው ግድ እንደሌለው፣ እንዲያውም ሂድ ብሎ እንደመከረህ ጽፎልኛል። ጨዋ ሰው ነው። እጁ እንደዳነም ነግሮኛል። የትኛው እጅ? እጁ ተሰብሮ እንደነበር እኔ መች አውቄ። ለኔ የነገርከኝ ሞተር ተሰበረ ብለህ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳውን ሳይ፣ ግድግዳው እኔን ሲያይ። ሁለት ዓመት ይሄን ክፍል የቻልኩት አንተ ትመጣለህ ብዬ ነው። ወረቀት ለማስጨረስ በየቢሮው በር ላይ የቆምኩት፣ ጣቴ እስኪደማ የሰፋሁት ለዚህ ነው። አንተ ለካ በሩን ከውስጥ ነው የቆለፍከው።

ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ። ሴት ናት በለኝ፣ አለቅሳለሁ፣ ያልፍልኛል። ሞተር አታስመስላት።

አርባ አምስት ቀን ነው የቀረን። ሚጡ ናት የነገረችኝ።

ሚስትህ


የካቲት 25

ለውዷ፣

ሴት የለችም። ማን ያየኛል በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዘይት በጠጣ ቱታ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሚጡ አጠገብሽ አትሁን።

ጆሮዬ ሞቷል። ግራው ጨርሶ፤ ቀኙ ሰው አፉን አስጠግቶ ሲጮህበት ትንሽ ይይዛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ሰው አፉ ውስጥ የሚያወራ መሰለኝ፤ ከዚያ ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ። አርባ ዓመት መዶሻና ሞተር ሲጮህበት ኖሮ እሱስ ምን ያድርግ? ስልክ ላይ ያልመጣሁት ድምፅሽን መያዝ አቅቶኝ ዝም እንዳልልሽ ፈርቼ ነው።

መስከረም ላይ ሐኪሙ ቀይዋን መኪና ይዞ መጣ። «ቀስ ስትል ቲክ ቲክ ትላለች» አለኝ። ይሄን ከአፉ እንቅስቃሴ ነው ያነበብኩት። እንደ ልማዴ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክዬ ጆሮዬን አስደገፍኩ። ምንም የለም። ያንን ዝምታ ጤና ነው ብዬ ተረጎምኩት። ደንበኞች ቆመው ያዩ ነበር፤ ልጠይቅ፣ ሌላ ሰው ላስሰማ አላልኩም። ደረቴን ነፍቼ «ጤነኛ ናት፣ ሂድ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ቢየላው ተቆርጦ ወጣ። ዘይቱ ጎማው ሥር ፈሰሰና መኪናዋ ዞረች። ከጭነት መኪና ጋር ለጥቂት ነው ያልተላተመው። አጥር ገጭቶ እጁ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ጥርስ መንቀል አልቻለም።

ሊወቅሰኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣና በወረቀት ጻፈልኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ጫጫታ ስለነበረ ነው የጻፈው፣ የኔን ነገር አውቆ አይደለም። «ዶክተር፣ አንተ ያልሰማኸውን ማንም አይሰማውም ነበር፤ አትዘን» ይላል። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው።

አስፈርሞኛል ብዬ የዋሸሁሽ ጆሮ የሌለው መካኒክ ማን ይቀጥራል ብዬ፣ ጊዜ ለመግዛት ነው። ከዚያ አንቺ አምስቱን አውቶቡሶች ጻፍሽልኝ። እዚህ ተቀምጬ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ተደርድረዋል፣ ጭሳቸው ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅ የላቸውም። ሠራተኛው ቆሞ ያየኛል። አንቺ በር ላይ ቆመሻል። አንዱን በደመ ነፍስ እጠቁማለሁ፣ ሰው ይስቃል። ያንቺን ፊት ማየት አቃተኝ። ሞተሩ ካለ የምቀርበት ምክንያት አለኝ፤ ከሄደ ምን ልልሽ ነው? ለዚህ ነው ሁሉንም ያባረርኳቸው። ማንሻውንም ለዚህ ነው የሸጥኩት፤ አስቤ ነው የሸጥኩት።

አለቃው ለጆሮዬ ብሎ ነው ፈቃዱን ያወጣው። ጆሮው የለም። መጥቼ አንቺንም ከሥራሽ ከማስባርር እዚሁ ልቅር። ለሚጡ የምትያትን አንቺ ታውቂያለሽ። ይቅር በይኝ።

ባልሽ


መጋቢት 5፣ ቴሌግራም

የአምስቱ አውቶቡስ ነገር ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጆሮ የጠየቀ ማንም የለም። ደብዳቤ ልኬአለሁ። ና።


መጋቢት 5

ለባለቤቴ፣

ቴሌግራሙ ቀድሞ እንደደረሰህ እገምታለሁ። አሁን የቀረውን ልጻፍልህ።

አለቃውን ሥራ የለመንኩት እኔ ነኝ። ክፍት የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሞተር ዕቃ አጣቢ። ከመኪና የተፈታውን ዕቃ በጋዝ እያጠቡ መደርደር ነው። ሞተሩን የሚመረምሩት በማሽን ነው፤ ሽቦ ይሰኩበታል፣ መርፌው ይንቀሳቀሳል፣ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ የሚያስደግፍ ሰው እዚህ አይተው አያውቁም። ስላንተ ስነግረው አለቃው አዳመጠኝና «ጎበዝ፣ ማጠብ ይችላል?» ነው ያለኝ። ይችላል አልኩት።

ይሄን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? አርባ ዓመት ዶክተር የተባለ ሰው ዕቃ ልታጥብ ና ቢሉት አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ኩራትህን አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው የኖርኩት። ስለዚህ አውቶቡሶቹን ፈጠርኩልህ። ሦስት ልል ነበር፣ ሦስት ትንሽ መሰለኝና አምስት አደረግኋቸው። ስትመጣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፣ አንዴ ከገባ ወዴት ይሄዳል ብዬ ነበር። ምላሴን በቆረጠው። አራት ወር ያሰረህ ሞተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አውቶቡሶቹ እንዴት እንደሚነሱ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ ውሸቴን የደረስክበት መስሎኝ ዘለልኩት። አንድ ጊዜ ብመልስልህ ይሄኔ እዚህ ነበርክ።

በጆሮህ አዝኛለሁ። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ግን እኔ ያገባሁት ጆሮህን አይደለም። አስጠግቼ እጮህብሃለሁ፤ መጮህ እንደሆነ አላንስም፣ አንተም ታውቃለህ።

የሐኪሙን ግን ራስህ ጨርሰው። እሱን እኔ ላነሳልህ አልችልም።

ከተቆጣኸኝ እዚህ መጥተህ ተቆጣኝ። ሃያ አምስት ቀን ነው ያለን። ለሚጡ ሁለታችንም እንደዋሸን ነግሬአታለሁ፤ አኩርፋናለች።

ሚስትህ


መጋቢት 17

ለዋሾዋ ሚስቴ፣

ቴሌግራሙን ያመጣው ልጅ በሩን ደብድቦ ደብድቦ ሲሰለቸው በግማሹ በር ገብቶ ትከሻዬን ነካኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬም አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ አልደብቅሽም። አራት ወር ሙሉ በሌለ አውቶቡስ ፊት ላብ ሲያጠምቀኝ ነበር እኮ። ትናንት ደብዳቤሽ መጣ፤ «ሦስት ትንሽ መሰለኝ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ዕቃ ማጠቡ ትንሽ አሞኛል፣ አልዋሽሽም፤ ውሸት ይብቃን። ግን ሊያስፈራኝ አልቻለም። የታጠበ ዕቃ አይናገር፣ አይጠይቅ።

ሞተሩ ሄዷል። ቴሌግራሙ የደረሰኝ ዕለት ወደ ሙያ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና መምህርቷን ሰንጥቂው አልኳት። ሰሌዳው ላይ «ምን አስቀየረዎት?» ብላ ጻፈችልኝ፤ አለመስማቴን ገና በሩ ላይ ነግሬአት ነበር፤ በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም አወራኋት። ስጨርስ «እንግዲያው አንሰነጥቀውም። ቀዳዳው እንዳለ ይቁም። እርስዎ ግን መጥተው እንዴት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው» ብላ ጻፈች። ስምንት ተማሪዎች በገመድና በብረት ቱቦ ተሸክመው አወጡት። ከአራት ወር በኋላ በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ። ከሄዱ በኋላ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሳደርገው ቆየሁ፤ ሰው አይቶኝ ቢሆን አብዷል ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆምኩ። ይሄን ሞተር የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው፤ የሆነውንም ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ ተነስታ ሰሌዳው ላይ «ካልሰሙ ሌላ ሰው እንዲያዳምጥልዎት ለምን አልጠየቁም?» ብላ ጻፈች። ጥያቄው ሰሌዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። አፍሬ ነው ብያት ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም።

ሐኪሙ ዘንድም ሄጃለሁ። አለመስማቴን እያወቅሁ ጤነኛ ናት እንዳልኩት ነገርኩት። ተሰብሮ የነበረውን እጁን ተመለከተ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ። ይቅር አላለኝም፣ አልረገመኝምም። እሱም መብቱ ነው። ይሄንን ይዤው እመጣለሁ፤ ጥዬው የምመጣበት ቦታ አላገኘሁም።

ባቡሩ መጋቢት 29 ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ጣቢያው ሰው እንደሚበዛበት ጽፈሽልኝ ነበር። ስወርድ ብታዩኝ ከኋላዬ እንዳትጠሩኝ፤ ሳልዞር እሄድና ሚጡ አኩርፎናል ትላለች። ዙራችሁ ከፊት ለፊቴ ቁሙ። ሚጡ በቀኜ በኩል ትሁን፤ ጠጋ ካለች በዚያ በኩል ትንሽ ትሰማኛለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ማለቴ እኔ እሰማታለሁ። የሷን ድምፅ ረስቼዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሄዱም በደንብ ሰምቼው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ያኔ «ደህና ሁን አባዬ» አለችኝ ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ምናልባት ሌላ ነገር ነበር ያለችኝ። ምን እንደነበር ጠይቂልኝ። ስደርስ ቀስ ብላ ትድገምልኝ።

ባልሽ